ክሮስ ወይስ ሞድሪች፦ ጫማ የሚሰቀለው መቼ ነው?

ጀርመናዊው ቶኒ ክሮስና ክሮኤሺያዊው ሉካ ሞድሪች ሁለቱም ከአገራቸው ርቀው በሪያል ማድሪድ የመሀል ሜዳ ነገሡ። ሞድሪች እ.ኤ.አ. በ2012 ከቶተንሃም፣ ክሮስ በ2014 ከባየርን ሙኒክ መጡ። አወጣጣቸው ግን ለየቅል ነው።

ክሮስ ገና ሳይደክም በ34 ዓመቱ በቃኝ አለ። በ2024ቱ የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ፣ ዌምብሌይ ላይ፣ የማዕዘን ምት አሻማ። ካርቫሃል በጭንቅላቱ ገጭቶ መረብ ላይ አሳረፋት። ማድሪድ ዶርትሙንድን 2 ለ 0 ረታ። ለክለብ ያደረገው የመጨረሻ ጨዋታ ይኸው ነው። ከዚያ ከጀርመን ብሔራዊ ቡድን ጋር የአውሮፓ ዋንጫ፣ በስፔን ቡድን መሸነፍ፣ አለቀ።

ሞድሪችስ? እሱ እቴ! በ2025 ክረምት ከማድሪድ ወጥቶ ኤሲ ሚላን ገባ፤ 40 ዓመትም እዚያው ሞላው።

እኔን ከጠየቃችሁኝ የክሮስ ይሻላል። ደጋፊው «ምነው ቢያርፍ» ሳይለው ወጥቷል። ሞድሪች በእግሩ ውጨኛ ጎን የሚያሻግራትን ኳስ የወደደ ግን ይሟገተኝ፤ አልቀየመውም።