ሱቅ ውስጥ ያማለለኝ ቲቪ፣ ከ9 ወር በኋላ

ቲቪ ልገዛ የገባሁ ቀን ግድግዳው ሙሉ ስክሪን ተደርድሮ ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ቪዲዮ ይታያል። ቀለሟ የሚጮህ ወፍ፣ ቅጠል ላይ የምትንከባለል ጠብታ፣ በመብራት ያሸበረቀ ከተማ። ዓይኔ ወዲያው የሄደው ከሁሉም ደምቆ ወደሚያበራው ነው። አላወዳደርኩም፣ አልጠየቅኩም፤ እሱን አልኩ። ይኸው 9 ወር አብረን ኖርን። መጥፎ ቲቪ አይደለም፣ እንዲያውም ወድጄዋለሁ። የመረጥኩበት መንገድ ግን አሁን ሳስበው ያስቀኛል።

ዕቃው 55 ኢንች፣ 4ኬ (ምስሉ በጣም ጥርት ያለ)፣ ካርቶኑ ላይ ኪውሌድ የሚል ነው። ስማቸው ስለሚመሳሰል ኪውሌድና ኦሌድ የአንድ እናት ልጆች ይመስሉኝ ነበር። አይደሉም። ኪውሌድ ኤልሲዲ ነው፤ ከጀርባው መብራት አለው፣ ኳንተም ዶት የሚባል ቀለሙን የሚያጠራ ሽፋን ተጨምሮበታል። ኦሌድ ላይ ግን የጀርባ መብራት ብሎ ነገር የለም፤ እያንዳንዱ ፒክስል፣ ማለትም ምስሉ የሚሠራባት ጥቃቅን ነጥብ፣ ራሱ ይበራል፣ ራሱ ይጠፋል። ጥቁር ሲል ጥቁር ነው። ሱቅ ውስጥ ይህን ልዩነት ማየት ይከብዳል፤ መብራቱ እንደ ቀትር ፀሐይ ስለሆነ ግራጫውም ጥቁር ይመስላል።

እኔ የነቃሁት የመጀመሪያው ማታ ነው። መብራት አጥፍቼ ፊልም ከፈትኩ። ጨለማ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰዎች ያወራሉ፣ ከሥር ነጭ የትርጉም ጽሑፍ ይመጣል። ጽሑፉ በመጣ ቁጥር ዙሪያውን ጭጋግ ይከበዋል። መነጽሬ የቆሸሸ መስሎኝ አውልቄ ጠረግኩት። ትንሽ ቆይቼ ደግሜ ጠረግኩት። ለካ ጉዱ ያለው ከስክሪኑ ጀርባ ነው። 4ኬ ስክሪን 8.3 ሚሊዮን ገደማ ፒክስል አለው፤ ለየብቻ የሚደምቁትና የሚደበዝዙት የመብራት ክፍሎች ግን ከዚያ ጋር ሲነጻጸሩ እፍኝ አይሞሉም፤ ስለዚህ ለአንዲት መስመር ጽሑፍ ብሎ ሰፈሩን በሙሉ ያበራል። ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ይህን የሚቆጣጠረውን ከከፍተኛ ወደ መካከለኛ አወረድኩት፣ ከቲቪው ጀርባም ትንሽ መብራት አስቀመጥኩ። ጭጋጉ አልጠፋም። ግን ዓይኔ ላይ መጋረጡን ተወ።

ቀለሙ ሌላ ታሪክ ነው። ቪቪድ የሚባለው፣ ቀለሙን የሚያደምቀው ሞድ (የምስል ምርጫ) ላይ ሳር ሁሉ ፕላስቲክ፣ ሰው ሁሉ ፀሐይ የመታው ይመስላል። ፊልሙን ሠሪዎቹ እንዳሰቡት የሚያሳየው ፊልምሜከር ሞድ ላይ ሳደርገው ደግሞ ምስሉ ያረጀ ወረቀት መሰለኝ፣ ቢጫ። ልመልሰው ስል አንድ ሳምንት ልታገሠው ብዬ ተውኩት። በሳምንቱ ለሙከራ ወደ ቪቪድ ስመልሰው ነጩ ሁሉ ሰማያዊ ሆኖ ዓይኔን ወጋው። ፊልም ሠሪዎቹ ቀለሙን የሚያስተካክሉበት ነጭ 6500 ኬልቪን (የነጭ ብርሃን ቀለም መለኪያ) አካባቢ ነው፤ ሱቅ ያለው ነጭ ከዚያ በጣም ወደ ሰማያዊ ይሸሻል፣ ምክንያቱም ሰማያዊ የሚያዘነብል ነጭ የበለጠ የነጣ ይመስላል። እኔም የተበላሁት በዚሁ ነው።

ሴቲንግ ውስጥ ያለውን፣ እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰውን ነገር ደግሞ ወዲያው አጥፉት። ፊልም በሴኮንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ነው፤ ቲቪው መሐል መሐል ላይ የራሱን ፍሬም እየፈጠረ ሲሰካ የተከበረው ፊልም የሠርግ ቪዲዮ ይሆናል። ለኳስ ትንሽ ትቼዋለሁ፤ ሲበዛ ኳሷ ጭራ ታወጣለች።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልምጣ። ወንድሜ ሁልጊዜ የሚቀመጠው የሶፋው ጥግ ላይ ነው። አንድ ቀን ዜና እያየን፣ “ይህ ሰውዬ ታሟል እንዴ?” አለኝ። እኔ ከፊት ለፊት ሆኜ ሳየው ሰውየው ደህና ነው። ተነሥቼ እሱ አጠገብ ስቀመጥ፣ እውነቱን ነው፣ ጋዜጠኛው አመድ ለብሷል። የእኔ ቲቪ ፓነል (የስክሪኑ ዓይነት) ቪኤ የሚባለው ነው። ከፊት ስታዩት ኮንትራስቱ፣ የነጩና የጥቁሩ ልዩነት፣ አንጀት ያርሳል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ3000 ለ1 በላይ ነው፤ ከጎን ግን ቀለሙ ይገረጣል። አይፒኤስ የሚባለው ሌላው ዓይነት ከጎን ይሻላል፣ ኮንትራስቱ ግን ወደ 1000 ለ1 ይወርዳል፣ ማታ ጥቁሩ ግራጫ ነው። ሱቅ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚቆመው መሐል ላይ ነው፤ ቤት ውስጥ መሐል የሚቀመጠው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው።

ለፍትሕ ያህል፣ ያ ያማለለኝ ብርሃን ቀን ቀን ይክሰኛል። ከቲቪው ፊት ለፊት መስኮት አለ፤ መጋረጃ ሳልዘጋ ኳስ አያለሁ። ጨለም ያለ ፊልም ከሆነ ግን ወፍ የለም፣ የማየው የራሴን ሶፋ ነው።

4ኬ የሚለውን ደግሞ ብዙ አትመኑበት። ከምናየው ውስጥ ስንቱ 4ኬ ነው? 1080 የሆነ፣ ማለትም የ4ኬን ሩብ ፒክስል የያዘ፣ ምስል ሲገባ ከአራት ፒክስል ሦስቱን ቲቪው ራሱ ገምቶ ነው የሚሞላው። ጥሩ የተቀረጸ ከሆነ አይታወቅም። የታመቀ የቻናል ስርጭት ከሆነ ግን የሰው ፊት ሰም ይሆናል። አሮጌው 32 ኢንች ሲሸፍንልኝ የኖረውን ጉድ ይህኛው አደባባይ አወጣው። ኢንተርኔትም አለበት፤ ኔትፍሊክስ ለ4ኬ በሴኮንድ 15 ሜጋቢት ይመክራል፣ መስመሩ ከዚያ ሲወርድ ሳይነግራችሁ ጥራቱን ዝቅ ያደርገዋል፣ እናንተ ቲቪውን ትረግማላችሁ።

ድምፁ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሶፍትዌሩ ከስድስተኛው ወር ጀምሮ መንቀርፈፍ ጀምሯል፤ ሪሞት ተጭኜ ሌላ ነገር ማሰብ እችላለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ጓደኛዬ መጥቶ፣ “ምነው ቲቪህ ደበዘዘ?” አለኝ። ልከራከር አሰብኩና ተውኩት። ቪቪድ ላይ አደረግኩለት። “እንዲህ ነው እንጂ!” አለ፣ ደስ ብሎት። እሱም ሊገዛ ነው። አብሬህ እሄዳለሁ፣ ፍላሽ ላይ አንድ ጨለማ ትዕይንት፣ አንድ የሰው ፊትና አንድ የተበላሸ የኳስ ቅጂ እይዛለሁ፣ ሪሞቱን ተቀብለን ሞዱን ቀይረን ከጎን ቆመን እናያለን አልኩት። “ምን ያደርጋል ይህ ሁሉ?” ብሎ ሳቀብኝ። በሩን እንደዘጋ ወደ ፊልምሜከር መለስኩት።