ሁለት ዕቃ ልቀይር ብዬ፦ ራይዘን 5 5600 ፕሮሰሰር ከአስር ወር በኋላ

ሐሳቤ ፕሮሰሰርና ማዘርቦርድ ብቻ መቀየር ነበር። ነገሩ ሲያልቅ ከአሮጌው ኮምፒውተር የተረፉት ግራፊክስ ካርዱና ኤስኤስዲው ብቻ ናቸው። ይኸው አስር ወር ተጠቀምኩበት። ረክቻለሁ፤ ግን ብሬን ያወጣሁበት ምክንያትና የረካሁበት ምክንያት አንድ አይደሉም።

አሮጌው ዩዝድ የቢሮ ዴስክቶፕ ነበር። በፈረንጆቹ 2014 የወጣው ኮር አይ5 4590፣ አራት ኮር፣ 8 ጊጋ ዲዲአር3 ራም። እላዩ ላይ ጂቲኤክስ 1650 ግራፊክስ ካርድ ሰክቼበት ነበር። ካርዱ 75 ዋት ብቻ ስለሚበላ ከፓወር ሰፕላይ ተጨማሪ ገመድ አይፈልግም፤ ለቢሮ ማሽን ይመቻል። ለጊዜው ደህና ሠራ። የተኩስ ጌሙ ካውንተር ስትራይክ 2 ሲመጣ ግን ነገር ተበላሸ። አማካዩ በሰከንድ 80 ፍሬም (ምስል) ገደማ ነው፤ ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው "ምን ጎደለህ?" ይላል። ጭስ ሲወረወርና አምስት ሰው አንድ በር ላይ ሲገናኝ ወደ 30 ይወርድና ስታክ ያደርጋል። ስክሪኑ ሲመለስ እኔ ሞቻለሁ።

ጥፋተኛውን መለየት አይከብድም። ጌሙን እንደከፈትኩ ታስክ ማናጀርን አየሁት። ፕሮሰሰሩ 100 ፐርሰንት፣ ካርዱ 60 አካባቢ። ካርዱ እጁን አጣጥፎ ፕሮሰሰሩን ይጠብቃል ማለት ነው። የእናንተ ተቃራኒ ከሆነ፣ ካርዱ 97 እና 98 ላይ ከቆመ፣ ይህን ሁሉ ወጪ አታውጡ።

ራይዘን 5 5600 መረጥኩ። 6 ኮር፣ 12 ትሬድ፣ እስከ 4.4 ጊጋኸርዝ፣ 65 ዋት። አዲሱ የራይዘን ሶኬት ኤኤም5 ዲዲአር5 ራም የግድ ይላል፤ ኪሴ አልፈቀደም። 5600 የሚሰካበት ኤኤም4 ደግሞ ዲዲአር4 ነው፣ አሮጌው ራም አይገባበትም። ስለዚህ ራም ተጨመረ። የቢሮው ማሽን ፓወር ሰፕላይ ዋና ሶኬት ባለ8 ፒን ሆኖ አገኘሁት፤ መደበኛ ማዘርቦርድ ባለ24 ይፈልጋል። ስለዚህ ፓወር ሰፕላይ። ኬዙም ከራሱ ማዘርቦርድ ሌላ አልቀበል አለ። ስለዚህ ኬዝ። 34 ሺህ ብር ብዬ የጀመርኩት 57 ሺህ ላይ ቆመ። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የውጭ ዕቃ ዋጋ የት እንደደረሰ ለእናንተ አልነግርም። እማዬ ስትሰማ "ለመሆኑ ይታለባል?" አለችኝ።

ፕሮሰሰሩን ባሕር ዳር ፈልጌ አጣሁት። የአጎቴ ልጅ ማዘርቦርዱንም አብሮ ከአዲስ አበባ ገዝቶ፣ በአውሮፕላን ሲመጣ በእጅ ሻንጣው ይዞልኝ መጣ። ኬዙን እዚሁ ገዝቼ በባጃጅ፣ ጭኔ ላይ አቅፌ አባይ ማዶ አደረስኩት።

ገጣጥሜ ጨረስኩ። ስነካው ፋኑ ዞረ፣ ስክሪኑ ጥቁር። ይህ ፕሮሰሰር የራሱ ግራፊክስ ስለሌለው ገመዱን ተሳስቼ ማዘርቦርዱ ላይ ሰክቼ ይሆናል አልኩ። አልተሳሳትኩም። ለካ ማዘርቦርዱ ቢ450 ነው፣ በፈረንጆቹ 2018 የወጣ። ፕሮሰሰሩ የ2022። ከእሱ በኋላ የተወለደውን ልጅ ከየት ያውቀዋል? ሻጩ "ሰክተህ መጠቀም ነው" ብሎ ነበር። ስደውልለት "ወንድሜ፣ ባዮስ አድስ" ብሎ ዘጋው። ባዮስ ማለት ማዘርቦርዱ ሲነሳ የተሰኩበትን ዕቃዎች የሚያውቅበት ሶፍትዌር ነው።

ደግነቱ ማዘርቦርዱ ጀርባው ላይ ያለፕሮሰሰርም ቢሆን ባዮስ የሚጭን ቁልፍ አለው። ፍላሹን በፋት32 ፎርማት አደረግሁ፣ ፋይሉን ከአምራቹ ድረ ገጽ አወረድኩ፣ ስሙን መመሪያው እንዳዘዘው ቀየርኩ። ከዚያ ፈራሁ። እኛ ሰፈር መብራት መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም። ባዮስ እየተጫነ መብራት ከሄደ ማዘርቦርዱ በር ማስደገፊያ ሆነ በለው ብለውኛል። ከጎረቤት ፎቶ ቤት ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ተዋስኩና ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሳሁ። ቁልፉን ተጫንኩ። ቀይዋ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። ከሩቅ ቅዳሴ ይሰማል። አምስት ደቂቃ ያህል ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። መብራቷ ድርግም ብላ ስትቀር "ሄደ!" ብዬ ጮህኩ፤ እማዬ ከመኝታ ቤት "ማን ሄደ?" አለች። አልቆ ነው። ኋላ ሳነብ፣ ያ ቁልፍ ያለው ማዘርቦርድ መሃል ላይ ቢቋረጥበትም እንደገና መሞከር ይቻላል። ያን ሌሊት የነገረኝ ግን የለም።

አሁን ወደ ጌሙ። አማካዩ ከ80 ወደ 120 አካባቢ ወጣ። እውነቱን ልናገር፣ ሞኒተሬ 75 ኸርዝ (በሰከንድ 75 ምስል) ስለሆነ ትርፉን አላየውም። ያየሁት ታችኛውን ቁጥር ነው። 30 ይወርድ የነበረው አሁን ከ70 ብዙም አይወርድም። ጭስ ውስጥ ገብቼ መውጣት ቻልኩ። ተኩሼ ስስት የምስተው እኔ ነኝ፣ ማሽኑ አይደለም። ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 ላይ ግን አማካዩ ምንም ያህል አልተነቃነቀም፤ እዚያ ጣሪያው 4 ጊጋዋ ካርድ ናት። ፒንግም (የኢንተርኔቱ መዘግየት) ያው ነው። ፕሮሰሰር ቀይሮ ኢንተርኔት የሚፈጥን የመሰለው ጓደኛ ስላለኝ ነው የጻፍኩት።

አንድ ስህተት የራሴ ነው። ራሙ ፍጥነቱ 3200 ተብሎ የተሸጠ ነው። ሁለት ወር ሙሉ በ2400 ሲሄድ አላወቅሁም። ባዮስ ውስጥ ኤክስኤምፒ (ራሙን በተሸጠበት ፍጥነት የሚያስሄደው ማስተካከያ) የሚለውን ካላበራችሁ በራሱ አይበራም። ካበራሁት በኋላ ያ 60ዎቹ ላይ የነበረው ዝቅተኛ ቁጥር 70 ገባ። በነፃ።

ሙቀቱስ? እስከ የካቲት ከካርቶኑ ጋር የመጣችው ፋን በቃችኝ። ሚያዝያ ላይ ቤቱ ሲግል 85 ዲግሪ አየሁ፤ የፕሮሰሰሩ ገደብ 90 ነው። ፋኗም እንደ ወፍጮ ትጮሃለች። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ስለሚል ፋን ጠርጎ የሚወስደው ሙቀት ከቆላው ያንሳል። ባዮስ ገብቼ ኢኮ ሞድ (ኃይል ቆጣቢ) አደረግሁትና 45 ዋት ላይ ወሰንኩት። 10 ዲግሪ ያህል ወረደ። የጠፋውን ሦስት አራት ፍሬም አልናፈቅሁትም። መስኮት ከፍቶ መጫወት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ከሐይቁ በኩል የሚመጡት ትንንሽ በራሪዎች የስክሪን ብርሃን ይወዳሉ። ሰኔ ላይ ኬዙን ስከፍት የፋኗ ጥግ በእነሱ ሬሳና በአቧራ ተለስኗል። በቀለም ብሩሽ ጠረግሁት።

የክረምቱ መብረቅ ሲጀምር የራሴን ዩፒኤስ ገዛሁ። ስድስተኛው ዕቃ መሆኑ ነው።

ዛሬ ብገዛ? ፕሮሰሰሩን ያንኑ። ማዘርቦርዱን ግን ካርቶኑ ላይ ለራይዘን 5000 ዝግጁ የሚል ስቲከር ሳላይ አልከፍልም። የዊንዶውስ 10 ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል፤ አይ5 4590 ለዊንዶውስ 11 ከተፈቀዱት ውስጥ የለም፣ አዲሱ ግን ያለምንም ጣጣ ጫነ። ላይሰንሱ ከአሮጌው ማዘርቦርድ ጋር መቅረቱን ግን አስቡበት።

አሮጌው ማሽን አልተጣለም። ፔዳ (የዩኒቨርሲቲው ግቢ) አካባቢ ኮፒ ቤት ላላት የአክስቴ ልጅ ሰጠኋት። አይ5ቱ የራሱ ግራፊክስ ስላለው ካርድ አልጠየቀም። ባለፈው ሳምንት ማመልከቻ ላሳትም ስሄድ ስድስት ተማሪ ወረፋ ይዟል፣ የለጠፍኩት ስቲከር አሁንም ጎኑ ላይ አለ። ወርድ ላይ ምንም ስታክ አያደርግም።