የሚኒሶታ ድልድዮች ከስር ሲታዩ

ስምንት ዓመት አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ስቴት ውስጥ ተሳቢ ነድቻለሁ። በቀን አሥርና አሥራ አምስት ድልድይ እሻገራለሁ፤ እንደኔ ይህን አገልግሎት የሚጠቀም ሰው ብዙ አይመስለኝም። ስለዚህ ያየሁትን ልጻፍ። ነጥቤን ከመጀመሪያው ላስቀምጥ፦ ለትልልቆቹ የሃይዌይ ድልድዮች ከ5 ኮከብ 4፣ በካውንቲ (ከስቴቱ በታች ያለ አስተዳደር) መንገድ ላይ ላሉት ትንንሾች 2 ተኩል፣ ለሾፌር የሚሰጠው መረጃ ደግሞ 2። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ብዙ ሰው ድልድይ ጥሩ ነው የሚለው አስፋልቱ ለስላሳ ሲሆን ነው። እኔም መጀመሪያ እንደዛ ነበርኩ። አሁን ግን መኪና አቁሜ የማረፍ ዕድል ካገኘሁ ከስር ገብቼ ነው የማየው። ኮንክሪቱ ተልጦ ፌሮው ወጥቷል ወይ? ብረቱ ከላይ ከላይ ነው የዛገው ወይስ እንደ ቅርፊት እየተነሳ ነው? ውሃው የሚወርደው በቱቦ ነው ወይስ በምሰሶው ላይ? የድልድይ ጤና እዚያ ነው ያለው።

ሚኒሶታ ላይ ስለ ድልድይ ሲወራ 2007 ሳይነሳ አይቀርም። ኦገስት 1 ቀን፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ላይ፣ ሰው ከሥራ ወጥቶ መንገዱ በተጨናነቀበት ሰዓት፣ ሚኒያፖሊስ ውስጥ ሚሲሲፒን የሚያሻግረው የአይ-35 ደብልዩ ሃይዌይ ድልድይ ከነመኪናው ወንዝ ውስጥ ገባ። 13 ሰው ሞተ፣ 145 ሰው ቆሰለ። ድልድዩ የተከፈተው በ1967 ነበር። ምርመራው ሲያልቅ የተገኘው ነገር ያሳዝናል፦ የብረት አግዳሚዎቹን እርስ በርስ የሚያያይዙት አንዳንዶቹ ላሜራዎች ገና ሲነደፉ መሆን ከሚገባቸው ግማሽ ውፍረት ነበር የተሰጣቸው። ግማሽ ኢንች። በዚያ ላይ በየጊዜው በተደረገ እድሳት ተጨማሪ ኮንክሪት ተጫነበት፣ በዚያን ቀን ደግሞ ለጥገና የመጣ አሸዋ፣ ጠጠርና ማሽን አናቱ ላይ ተከምሮ ነበር። ከሁሉ በላይ የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። ላሜራው ጎብጦ የሚያሳይ ፎቶ ከመውደቁ ከዓመታት በፊት ተነስቶ ነበር። ማለትም ከስር ገብቶ ያየ ሰው ነበረ፤ ያየውን ነገር እንደ አደጋ የቆጠረው ግን አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ደግሞ ማመስገን አለብኝ። በሚቀጥለው ዓመት ማርች ላይ ሴንት ክላውድ ከተማ ውስጥ፣ እዚያው ሚሲሲፒ ላይ፣ ዴሶቶ የሚባለውን ድልድይ ሲመረምሩ የጎበጡ ላሜራዎች አገኙ። ይሄኛው ላይ አልዘገዩም፣ በ2008 ማርች 20 ቀን ዘጉት። ከተማው ዋና መሻገሪያውን አጥቶ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ዞሮ ሲሄድ ከረመ፣ አዲሱ በ2009 ኦክቶበር ላይ ተከፈተ። ሰው ተማሯል፣ ነጋዴ ተጎድቷል፣ ይገባኛል። ግን ማንም አልሞተም። ከአራቱ ኮከቦቼ አንዱ ለዚያ ውሳኔ ነው።

ገንዘቡም መጥቷል። በ2008 ፌብሩዋሪ የስቴቱ ምክር ቤት የገዥውን ተቃውሞ በድምፅ ሽሮ የነዳጅ ታክስ ጨመረ፤ ለ10 ዓመት ወደ 2.5 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ የድልድይ ፕሮግራምም ተያዘ። ናፍጣ በቀዳሁ ቁጥር የምከፍለው ነገር ነውና የት እንደገባ ማየት እፈልጋለሁ፣ እናም አይቻለሁ። የወደቀው ቦታ ላይ የተሠራው አዲሱ ድልድይ ሴፕቴምበር 18 ቀን 2008 ተከፈተ፣ ውስጡ በመቶ የሚቆጠሩ መለኪያዎች ተቀብረውበታል፣ ሲንቀሳቀስ፣ ሲሞቅ ሲቀዘቅዝ ይመዘግባሉ። በሄስቲንግስና በሬድ ዊንግ ከተሞች የነበሩት አሮጌዎቹም በአዲስ ተተክተዋል። ሄስቲንግስ ላይ ድሮ በሁለት ጠባብ መስመር ነበር የሚታለፈው፤ ዛሬ 40 ቶን ጭኜ ስሻገር መሪውን አጥብቄ አልይዝም።

አሁን ወደ ችግሩ። እዚህ አገር ድልድይ የሚገድለው ጨው ነው። ከኖቬምበር እስከ ማርች፣ አንዳንዴም እስከ ኤፕሪል፣ በረዶ ጠራጊዎቹ መንገዱ ላይ ጨው ይረጫሉ። ባይረጩ ደግሞ እኛ እናልቃለን፣ ስለዚህ ይርጩ። ግን ያ ጨው ከቀለጠው በረዶ ጋር ሆኖ የሚወርድበት ይፈልጋል። ድልድይ ላይ ስታልፉ "ዱብ ዱብ" የሚላችሁ መጋጠሚያ አለ፣ ብረቱ በሙቀት ሲለጠጥ በብርድ ሲኮማተር የሚተነፍስበት ክፍተት ነው። ክፍተቱን የሚደፍነው ጎማ ሲቀደድ ጨዋማው ውሃ በቀጥታ ይወርዳል። የሚያርፈውም የድልድዩ አግዳሚ ምሰሶው ላይ በተቀመጠበት ቦታ ላይ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ዝገት ሲጀምር ድልድዩ መተንፈስ ያቆማል፣ ሲጨነቅ ደግሞ ይሰነጠቃል። የጎማው ዋጋና የአዲስ ምሰሶ ዋጋ አይገናኝም። ግን ጎማ መቀየር ሪባን አይቆረጥበትም፣ ፎቶ አይነሱበትም፣ ስለዚህ ይዘገያል።

ምርመራው ራሱ መጥፎ አይደለም። አብዛኛው ድልድይ ቢያንስ በየሁለት ዓመቱ ይታያል፣ የታመመው ደግሞ በየዓመቱ። አንድ ጊዜ መስመር ተዘግቶ ቆሜ ሲሠሩ አይቻለሁ። ክንዱ ከአጥሩ በላይ አልፎ ወደ ስር የሚታጠፍ መኪና አላቸው፣ ጫፉ ላይ ሁለት ሰው ቆሟል። አንዱ ኮንክሪቱን በመዶሻ ቀስ እያለ ያንኳኳል። ጤነኛው ኮንክሪት "ቀጭ" ይላል፣ ውስጡ የተላቀቀው ደግሞ እንደ ባዶ ጀሪካን "ዶም" ይላል። ሰውየው "ዶም" ባለበት ሁሉ በጠመኔ ከበበ። ከዚያ ከ0 እስከ 9 ነጥብ ይሰጣሉ፤ ወለሉ፣ ላይኛው አካል (ወለሉን የሚሸከሙት አግዳሚዎች)፣ ታችኛው አካል (ምሰሶዎቹ) ለየብቻ። ከሦስቱ አንዱ 4 ወይም ከዚያ በታች ካገኘ ድልድዩ "ደካማ" ይባላል። ደካማ ማለት ነገ ይወድቃል ማለት አይደለም፣ ሰው ይህን እየሳተ ይደነግጣል። ግን ችላ አትበሉኝ ማለቱ ነው። ነጥቡ በፌዴራሉ መዝገብ ለማንም ክፍት ነው፤ ልጆቻችሁ በትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚሻገሩትን ፈልጋችሁ እዩት።

ካውንቲዎቹ ጋ ስንመጣ ነው ልቤ የሚያዝነው። ከስቴቱ ድልድዮች አብዛኞቹ የካውንቲ፣ የከተማና የገጠር ቀበሌ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ እንደ ስቴቱ አቅም የላቸውም። ባለፈው መከር ሃይዌይ ተዘግቶ ጂፒኤሱ በአንድ የገጠር መንገድ ወሰደኝ። ጨልሟል፣ 39 ቶን ነኝ። የክብደት ገደቡን ምልክት ያየሁት ድልድዩ አፍ ላይ ደርሼ ነው፦ ሦስት የመኪና ሥዕል፣ ከእያንዳንዱ ጎን ቶኑ። ለተሳቢ 32 ይላል። መዞሪያ የለም። በግራም በቀኝም ቦይ ነው። ወደ ግማሽ ማይል ወደ ኋላ ነዳሁ፣ አንድ ገበሬ ከኋላዬ ባትሪ ይዞ እየመራኝ። እግዜር ይስጠው። ያ ምልክት ከመታጠፊያው ላይ ቢተከል ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ከኔ በፊት ስንቱ "እስካሁን ችሏል" ብሎ አልፎበት ይሆን?

የሚኒሶታዋን ዱሉዝን ከጎረቤት ስቴት ዊስኮንሲን ከተማ ከሱፐርየር የሚያገናኘው የብላትኒክ ድልድይ ሳይነሳ አይቀርም። በ1961 የተከፈተ ነው፣ አርጅቷል፣ ከ40 ቶን በላይ እንዳይሻገርበት ገደብ ተጥሎበታል። በ2024 ጃንዋሪ የፌዴራል መንግሥት ለሁለቱ ስቴቶች ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ መድቦ ይተካል ተባለ። ደስ ይላል። ግን ትልቅ ገንዘብ ትልቅ ድልድይ ጋ ሲሄድ፣ ያ የገጠሩ ድልድይ ወተት ጫኙንም፣ አምቡላንሱንም፣ የትምህርት ቤት አውቶቡሱንም ያሻግራል።

ለሾፌር ወንድሞቼና እህቶቼ፦ ሃይዌይ ተዘግቶ ስትዞሩ ተራውን ጂፒኤስ አትመኑ፣ የከባድ መኪናውን ተጠቀሙ፣ እሱም ይስታል። ስትቆሙ ደግሞ ከስር እዩ። ያያችሁትን ለመንገድ መሥሪያ ቤቱ ደውሉ፣ ብዙዎቹ ድልድዮች መለያ ቁጥር አላቸው፣ እሱን ንገሯቸው።

እኔ በዚህ ማርች ደውያለሁ። ከቤቴ አጠገብ ባለ ድልድይ ስር የውሃ መውረጃው ቱቦ ከመጋጠሚያው ተላቅቆ የቀለጠው በረዶ በሙሉ ምሰሶው ላይ ይወርድ ነበር። ኮንክሪቱ ላይ ነጭ የጨው መስመር ተሠርቷል፣ ከመስመሩ ስር ቡናማ ዝገት። ስልኩን ያነሳችው ሴት ቁጥሩን ጻፈች፣ ፎቶ ላክልኝ አለች፣ ላኩላት። ከ12 ቀን በኋላ ቱቦው ተገጥሟል። ነጩ መስመር ግን አሁንም አለ፣ በመጪው የበረዶ ወቅት ውሃው ወርዶ እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ በእሱ አያለሁ።