ለካሪየር ሴንተራችን ባለሙያ ምስጋና፣ ለዘንድሮ ተመራቂዎች ጥቆማ

በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ከፔዳ ግቢ በአካውንቲንግ ተመርቄአለሁ። ይህን የምጽፈው ተማሪው ካሪየር ሴንተር በሚለው የሙያ ማበልጸጊያ ማዕከል የሚሠሩትን፣ ስማቸውን ያለ ፈቃዳቸው የማልጠቅሰውን ባለሙያ በአደባባይ ለማመስገን ነው። ዘንድሮ የምትመረቁ ሁሉም ደላላ ፍለጋ ከመውጣታችሁ በፊት ወደ እሳቸው ቢሮ እንድትሄዱ አደራ እላለሁ።

እኔ ወደ ማዕከሉ የሄድኩት ከተታለልኩ በኋላ ነው። ሲቪ አዘጋጅቶ ከባንኮች ጋር እንደሚያገናኝ በቴሌግራም ያስተዋወቀ አንድ ቢሮ፣ ቤተሰቤ ለምርቃቴ ያስቀመጠውን ገንዘብ «መመዝገቢያ» ብሎ ከተቀበለኝ በኋላ ስልኩን አጠፋ። የጻፈልኝ ሲቪ ደግሞ ትርፍ ጊዜዬን በዋና እንደማሳልፍ ይናገራል፤ እኔ ግን ጣና ዳር አራት ዓመት ስማር እግሬን እንኳ ነክሬ አላውቅም። የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከሠራተኛው ክፍያ መቀበል እንደማይገባው የነገሩኝ እኚሁ ባለሙያ ናቸው።

ሲቪውን አንብበው አልሳቁብኝም፤ በልምምድ ወቅት ምን እንደሠራሁ ብቻ ጠየቁኝ። በአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን የማዳበሪያ ሽያጭ ደረሰኞችን ከመጋዘን መዝገብ ጋር ሳመሳክር እንደከረምኩ ስነግራቸው፣ እኔ ከቁም ነገር ያልቆጠርኩትን ይህን ሥራ የሲቪዬ የመጀመሪያ መስመር አደረጉት። አንዳንድ ቀጣሪዎች ማመልከቻን በኮምፒዩተር ስለሚያጣሩበት መንገድም አስረድተውኝ ነበር፤ ነገሩ እስካሁን አልገባኝም፤ እንዳሉኝ አስተካክዬ ላክሁ፣ ተጠራሁ።

ከሁሉ በላይ የማልረሳላቸው ግን ሌላ ነው። ከግቢያችን ተመራቂዎችን ለመመልመል የመጣ አንድ ባንክ ቃለ መጠይቁን ከመውጫ ፈተናችን ጋር በአንድ ጠዋት አደረገው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ይህን ፈተና ሳያልፉ ዲግሪ እንደማይገኝ እያወቁ፣ ስንደውልላቸው «ያልተመቸው ይቅር» ብለው ዘጉብን። ባለሙያዋ ይህን እንደሰሙ እኛው ፊት ስልክ አንሥተው፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ ለቅጥር ኃላፊው፣ «ልጆቹ ፈተናውን ትተው ቢመጡላችሁ ዲግሪ አይኖራቸውም፤ ዲግሪ የሌለውን ደግሞ እናንተ አትቀጥሩም፤ ታዲያ ማንን ልትጠይቁ ነው?» አሏቸው። ቃለ መጠይቁ ወደ ማግሥቱ ተዛወረ፤ ከክፍላችን የተመረጥን ሁሉ ቀረብን። ስለ ራሳቸው ልጅ ቢሆን እንኳ ከዚህ በላይ የሚከራከሩ አይመስለኝም።

እባካችሁ ሂዱ። የምርቃት ሰሞን እስኪደርስ ሳትጠብቁ፣ ቢቻል ከሦስተኛ ዓመት ጀምራችሁ ሂዱ፤ የሚከፈል ነገር የለም። በሌላ ዩኒቨርሲቲ ያላችሁም የግቢያችሁን ማዕከል ጠይቁ። ውል ከመፈረማችሁ በፊትም ተመለሱና አሳዩአቸው፤ በእኔ ውል ላይ የሙከራ ጊዜው ሕጉ ከሚፈቅደው 60 የሥራ ቀናት አልፎ መጻፉን አይተው ያሳረሙልኝ እሳቸው ናቸው። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።