ልጅና ድመት ላለበት ቤት የትኛው ልብስ ማጠቢያ ማሽን ይሻላል? ፊት ለፊት የሚከፈት፣ ከላይ የሚከፈትና ባለሁለት ገንዳ ሲነጻጸሩ

«ቻይልድ ሎክ» (የልጅ መቆለፊያ) የሚለው ምልክት ብዙ ገዢ ያዘናጋል። በአብዛኞቹ ማሽኖች ላይ የሚቆልፈው መጫኛዎቹን ብቻ ነው፤ የተመደበለትን መጫኛ 3 ሰከንድ ያህል ተጭነው ሲይዙት ይበራል፣ እንደዚያው ሲደግሙት ይጠፋል። ልጅ እጥበቱን እንዳያቋርጥ ወይም ሙቀቱን ከ30 ወደ 90 እንዳያደርሰው ይጠቅማል። ማሽኑ ጠፍቶ ሲቆም ግን ልጁን በሩን ከፍቶ ድራሙ ውስጥ ከመግባት አያግደውም። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ መጠየቅ ያለበት ስለ በሩ ነው፦ ማሽኑ ሲጠፋ በሩ ምን ይሆናል? መብራት ሲሄድስ? ውስጥ የገባ ቢኖር ገፍቶ መውጣት ይችላል?

ማሽኑ ቆሞ ሳለ

ፊት ለፊት የሚከፈተው በዚህ በኩል ደካማ ነው። የበሩ አፍ ዝቅ ያለ ስለሆነ ገና መቆም የጀመረ ሕፃን ይደርስበታል፣ ድመት ደግሞ በአንድ ዝላይ ትገባለች። ለምሳሌ ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ነው፤ በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ድመት ሙቀት ፍለጋ የማትገባበት የለም፤ ልብስ የቀረበት ድራም ደግሞ ጥሩ መኝታ ነው። በሩ ከተዘጋ በዙሪያው ያለው ላስቲክ አየርም ድምፅም አያሳልፍም።

ይህ ስጋት ብቻ ሆኖ አልቀረም። በደቡብ ኮሪያ ልጆች ድራም ውስጥ ተዘግቶባቸው ከሞቱ በኋላ፣ ኤልጂ በ2010 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ከአንድ ሚሊዮን በላይ ማሽኖችን የበር መያዣ ከውስጥ ተገፍቶ በሚከፈት ለመቀየር መልሶ ጠርቷል። ያገለገለ ማሽን የሚገዛ ሰው ይህን ማስታወስ አለበት፤ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚላኩት አሮጌ ማሽኖች መያዣቸው የቀድሞው ዓይነት ሊሆን ይችላል። መፈተኛው ቀላል ነው። ማሽኑ ከሶኬት ተነቅሎ ሳለ በሩን ይዝጉ፤ ከዚያ እጀታውን ሳይነኩ የበሩን ጠርዝ ይዘው ወደ ራስዎ ይሳቡ። በመጠነኛ ጉልበት ከተላቀቀ ከውስጥም ሲገፋ ይላቀቃል። እጀታው ካልተሳበ ንቅንቅ የማይል ከሆነ ልጅም ከውስጥ አያንቀሳቅሰውም።

ዛኑሲ፣ ኤሌክትሮሉክስና ኤኢጂ በአንዳንድ ሞዴሎቻቸው ላይ ከቻይልድ ሎክ የበለጠ የሚረባ ነገር አስቀምጠዋል። በበሩ የውስጥ ጠርዝ ላይ ስንጥቅ ያላት ትንሽ ክብ ፕላስቲክ አለች። ሳንቲም አስገብተው ስንጥቋ አግድም እስክትሆን ወደ ቀኝ ሲያዞሯት በሩ ጨርሶ አይያዝም፤ ስለዚህ ውስጥ የገባ ልጅም ሆነ ድመት ሊዘጋበት አይችልም። ለማጠብ ሲፈልጉ ወደ ግራ መልሰው ቀጥ ያደርጓታል። ሻጩ ራሱ ላያውቃት ስለሚችል በሩን ከፍተው በጣትዎ ይፈልጓት። የዚህ መሣሪያ ሌላ ጥቅሙ፣ በሩ ገርበብ ብሎ ስለሚያድር ላስቲኩ አይሻግትም። መሣሪያው የሌለው ማሽን ባለቤት ግን ሁልጊዜ በሁለት ነገር መሃል ነው፦ ቢዘጋው ይሻግታል፣ ቢከፍተው ልጅ ይገባል። መፍትሔው ላስቲኩን በደረቅ ጨርቅ መጥረግና ማሽኑን በር በሚቆለፍበት ክፍል ማስቀመጥ ነው፤ ሌላ መላ የለውም።

ከላይ የሚከፈተው ቁመቱ 85 ሴንቲ ሜትር አካባቢና ከዚያ በላይ ስለሆነ የሁለት ዓመት ልጅ ብቻውን በቀላሉ አይገባበትም። ክዳኑ ቀላል ነው፤ ከውስጥ ሲገፋም ይነሳል። አደጋው ሌላ ነው፦ ዱካ ወይም ጄሪካን ላይ ወጥቶ ያጎነበሰ ልጅ በጭንቅላቱ ሊወድቅ ይችላል። ማሽኑ አጠገብ መረማመጃ የሚሆን ነገር አይቀመጥ።

ባለሁለት ገንዳው (ማጠቢያውና መጭመቂያው ለየብቻ የሆነው) የሚቆለፍ ነገር የለውም። የማጠቢያው ገንዳ ማፍሰሻው ካልዞረ ውሃውን እንደያዘ ያድራል፤ ልጅ ሊሰጥምበት ስለሚችል፣ ልብስ ዘፍዝፎ ማሳደር ልማዱ የሆነ ቤት በዚህ ዓይነት ማሽን ላይ ልማዱን ቢተው ይሻላል።

መብራት ሲሄድ

ምርጫውን ከሁሉ በላይ መወሰን ያለበት ይህ ነው፤ የሽያጭ ወረቀት ላይ ግን ስለሱ አንድም መስመር አይገኝም።

ፊት ለፊት የሚከፈቱ ማሽኖች ሁለት ዓይነት መቆለፊያ አላቸው። አንደኛው በሙቀት የሚሠራ ነው፦ ውስጡ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ የሚግል ትንሽ ክፍል አለ፣ ሲግል ብረቱ ታጥፎ በሩን ይይዛል፣ ሲቀዘቅዝ ይለቃል። እጥበት ካለቀ በኋላ በሩ አንድ ሁለት ደቂቃ የሚያስጠብቀው ለዚህ ነው። መብራት ሲሄድም እንዲሁ ቀዝቅዞ ይለቃል፤ ድራሙ የ60 ዲግሪ ውሃ ቢኖረውም ይለቃል። ሁለተኛው በኤሌክትሪክ ምት የሚቆለፍና የሚከፈት ነው፤ መብራት ቢሄድ ባለበት ይቀራል። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሱቅ ውስጥ ያስጀምሩት፣ «ቀጭ» ብሎ ሲቆለፍ ሶኬቱን ይንቀሉ፣ 3 ደቂቃ ጠብቀው በሩን ይሞክሩ።

የቱ ይሻላል? ውጪ ላለ ልጅ ሁለተኛው፤ ሙቅ ውሃ አይደፋበትም። ውስጥ ለተዘጋበት ግን የመጀመሪያው። ሁለተኛውን የሚገዛ ሰው ከታች ከማጣሪያው ክዳን ኋላ የአደጋ ጊዜ መክፈቻ ገመድ መኖሩን አይቶ ይግዛ፤ አንዳንዱ አለው፣ አንዳንዱ የለውም።

ከመቆለፊያው ባልተናነሰ የሚያሳስበው መብራቱ ሲመለስ የሚሆነው ነው። ብዙ ማሽኖች ካቆሙበት ራሳቸው ይቀጥላሉ። በሙቀት የሚሠራው መቆለፊያ ለቆ፣ ድመቷ ገብታ፣ አንድ ሰው አልፎ ሲሄድ በሩን ቢገፋው፣ መብራቱ ሲመጣ ማሽኑ ቆልፎ ይቀጥላል። ልብስ ይመዝናል የሚባለው ማሽንም ቢሆን ድመትን ከጋቢ አይለይም። መብራት እንደሄደ ሶኬቱን መንቀል የቤቱ ሁሉ ልማድ ይሁን።

ከላይ የሚከፈተው አውቶማቲክ ክዳኑ ክፍት ከሆነ መጭመቅ አይጀምርም፤ በዚህ ይበልጣል። በአንዳንድ ሞዴሎች ላይ ደግሞ ቻይልድ ሎክ በርቶ ክዳኑ ለጥቂት ጊዜ ክፍት ከቆየ ማሽኑ ልጅ እንዳይሰጥምበት ውሃውን በራሱ ያፈስሳል። ይህ ያለው ሞዴል ከተገኘ ዋጋው ትንሽ ቢወደድም ያዋጣል። የባለሁለት ገንዳው ሰዓት በጥቅል ሽቦ የሚሠራ በመሆኑ መብራት ባይኖርም መቁጠሩን አያቆምም፤ 15 ደቂቃው ካለፈ በኋላ መብራት ቢመጣ አይነሳም፣ ከዚያ በፊት ቢመጣ ግን ይነሳል።

ሲሽከረከር

እዚህ ላይ ባለሁለት ገንዳው መጨረሻ ነው። የመጭመቂያው ክዳን ሲነሳ አንድ ማብሪያ ኤሌክትሪኩን ይቆርጣል፣ በገመድ የተያያዘ ፍሬን ደግሞ ሞተሩን ይይዛል። ገመዱ ሲረግብ ወይም የፍሬኑ ሸራ ሲያልቅ ገንዳው ረጅም ጊዜ እየዞረ ይቆያል፤ ልጅ እጁን የሚሰደው ያኔ ነው፣ ልብሱም ጣቱ ላይ ይጠመጠማል። አዲስም ሆነ ያገለገለ ሲገዙ ባዶውን ያዙሩት፣ ክዳኑን ያንሱ፣ ይቁጠሩ። 10 ሰከንድ አካባቢ መቆም አለበት። 15 ካለፈ ፍሬኑ ሳይስተካከል አይውሰዱት። ቀጥሎ ክዳኑን ክፍት አድርገው ሰዓቱን ያዙሩ፤ ከተሽከረከረ ማብሪያው ተበላሽቶ በሽቦ ተቀጥሏል ማለት ነው። ያገለገሉ ማሽኖች ላይ ይህ ያጋጥማል፤ እንዲህ ያለውን ዋጋው ስለረከሰ ብቻ ቤት ማስገባት ልክ አይደለም።

ፊት ለፊት የሚከፈተው እስኪቆም ስለማይከፈት እዚህ አንደኛ ነው። ከላይ የሚከፈተው ሁለት ዓይነት ነው፦ ክዳኑን ቆልፎ የሚጨምቅና ክዳኑ ሲነሳ ብቻ የሚቆም። ልጅ ላለበት ቤት የሚቆልፈው ይመረጥ።

ብርድ ልብስና ባና ለሚያጥብ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር። ሱፍ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ በአንድ በኩልም ይከመራል። ሳምሰንግ በ2016 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) አሜሪካ ውስጥ 2.8 ሚሊዮን ያህል ከላይ የሚከፈቱ ማሽኖችን መልሶ የጠራው፣ ድራሙ ሚዛኑን ስቶ በኃይል ሲንቀጠቀጥ የላይኛው ክፍል ተገንጥሎ ሰው ስለጎዳ ነበር። ወፍራም ብርድ ልብስ በዝቅተኛ ፍጥነት ይጨመቅ፤ ማሽኑ ሲንጫጫም ልጅ አጠገቡ አይቁም።

ውሃ በጄሪካን ከሆነ

ፊት ለፊት የሚከፈተው ግፊት ይፈልጋል፤ ብዙዎቹ 0.5 ባር ይጠይቃሉ፣ ይህም ሮቶው ከማሽኑ 5 ሜትር ያህል ከፍ ሲል ነው። ከላይ የሚከፈተውና ባለሁለት ገንዳው በባልዲ ይሞላሉ። ሲሞሉ ክዳኑ ክፍት ነው፣ ጄሪካኑና በርሜሉም ዙሪያውን ተደርድሯል። ሕፃን 5 ሴንቲ ሜትር በማይሞላ ውሃ ሊሰጥም ስለሚችል ክፍት በርሜል ከማሽኑ ይልቅ ያሰጋል፤ ክዳን ይግዙለት።

ሲነዝር

ማሽን ሲነዝር «ትንሽ ነው» ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ባዶ እግሩን እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ለቆመ ልጅ ትንሽ የለውም። ከዱባይ የሚመጡት ማሽኖች ባለሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ሶኬት አላቸው፤ ገበያ ላይ ያሉት ርካሽ መቀየሪያዎች ሁለቱን መስመር ብቻ አሳልፈው የግራውንዱን ይተዋሉ። መቀየሪያውን ጥለው ግራውንድ ያለው ሶኬት ያስገጥሙ፣ ቤቱ የግራውንድ ዘንግ ከሌለው ያስቀብሩ፣ ቆጣሪው ጋ 30 ሚሊ አምፔር የሆነ አርሲዲ ብሬከር (ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ወዲያው የሚቆርጥ) ያስጨምሩ። ይህ ለሦስቱም ዓይነት እኩል ነው።

የኛ ምርጫ

ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ላለበት፣ ውሃና መብራቱ ለሚቆራረጥበት ቤት፦ ከላይ የሚከፈት አውቶማቲክ፣ ክዳኑን ቆልፎ የሚጨምቅ። የቧንቧ ውሃና የሚቆለፍ ክፍል ላለው፦ ፊት ለፊት የሚከፈት፣ ግን ከውስጥ የሚገፋ በር ወይም ባለ ሳንቲም መዝጊያ ከሆነ ብቻ። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ 2,800 ሜትር ከፍታ ውሃ 90 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ የ90 ዲግሪውን እጥበት ይተውት፤ 60 ይበቃል፣ የበሩ መስተዋትም ያን ያህል አይግልም። ባለሁለት ገንዳ በዋጋ ይረክሳል፣ ጥገናውም ለማንኛውም ጠጋኝ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አዋቂ አጠገቡ ለሚቆምበት ቤት ብቻ ነው።

ቤት ሲገባ

ፊት ለፊት የሚከፈተው ከኋላው 3 ወይም 4 የመጓጓዣ ቡሎኖች አሉት። በ10 ወይም በ13 ቁልፍ ካልተፈቱ ማሽኑ ሲጨምቅ ከቦታው ይራመዳል። ከፈቷቸው በኋላ አብረው የመጡትን ፕላስቲክ ክዳኖች ይድፈኑባቸው፤ የልጅ ጣትም አይጥም በዚያ ቀዳዳ ይገባል። ከላይ የሚከፈቱና ባለሁለት ገንዳዎች ከታች በኩል ብዙ ጊዜ ክፍት ናቸው፤ ቺንጋው እዚያ ይዞራል፣ የድመት ግልገል እዚያ ይተኛል፣ አይጥ ገመዱን እዚያ ይቆረጥማል። የሥር መሸፈኛው አብሮ ካልመጣ ወንፊት ሽቦ ይቆረጥለት። ውሃና አየር የሚያልፍበት ቦታ ግን አይደፈን።

ሰዓት ሞልቶ ሌሊት እንዲነሳ የሚያደርገውን አገልግሎት ድመት ያለበት ቤት አይጠቀም፤ ካስፈለገ በሩ ከመዘጋቱ በፊት ልብሱ እስከ ታች በእጅ ይገላበጥ። በረኪናና ኦሞ ደግሞ ማሽኑ ላይ ሳይሆን ልጅ በማይደርስበት መደርደሪያ ላይ ይቀመጡ።

በእጥበት መሃል ውስጥ የገባ ነገር እንዳለ ከተጠረጠረ መጀመሪያ ማስቆሚያውን ይጫኑ፣ ወዲያው ማፍሰሻውን ያስጀምሩ። ማፍሰሻው ካልሠራ፣ በሙቀት የሚለቅ መቆለፊያ ከሆነ ሶኬቱን ነቅለው የታችኛውን ትንሽ ጎማ ይክፈቱ፤ ውሃው መሬት ላይ ቢፈስም ይፍሰስ፣ በሩ በደቂቃዎች ይለቃል። ባለ ምቱ መቆለፊያ ከሆነ ሶኬቱን መንቀል በሩን እንደተቆለፈ ስለሚያስቀረው፣ ከነቀሉ የአደጋ ጊዜ መክፈቻ ገመዱን ይሳቡ።