«ያድግበታል» ብለው ለልጅ ማግነም የሚሸጡ ሱቆች፦ ቨርጂኒያ ያላችሁ ተጠንቀቁ

በኖቬምበር ለሚከፈተው የአጋዘን ወቅት ለልጃችሁ የመጀመሪያ ጠመንጃ ልትገዙ ያሰባችሁ ወገኖች፣ ይህን ሳታነቡ ሱቅ እንዳትገቡ። ንዴቱ ገና አልለቀቀኝም፤ አነጋገሬ ሻከር ቢልባችሁ ቻሉኝ።

የማወራው ስለ አንድ ጎረቤቴና ስለ 12 ዓመት ልጁ ነው። ጠመንጃው አሁን ፊቴ ተጋድሟል። ለካሁት፦ ከቃታው እስከ ሰደፉ ጫፍ 13 ከሦስት አራተኛ ኢንች። በርሜሉ 24 ኢንች፣ አፈሙዙ ላይ የተጠመዘዘው ብሬክ (ጠመንጃው ወደኋላ የሚመታበትን ኃይል መቀነሻ) ደግሞ ሌላ 2 ኢንች። ያለ ስኮፕ፣ ማለትም ያለ ማነጣጠሪያ መነጽሩ፣ 7 ፓውንድ ይመዝናል። ካሊበሩ (የሚጎርሰው የጥይት ዓይነት) .300 ዊንቸስተር ማግነም፣ ምቱ ከባድ የሆነ ጥይት። አዎ፣ ለ12 ዓመት ልጅ! ያገለገለ ነው፤ የሰደፉ ላስቲክ ከመድረቁ የተነሳ በጥፍር ሲጫኑት አይሰረጉድም። ልጁ ከቅንድቡ በላይ ሦስት ቦታ ተሰፍቷል።

የሱቁን ስም አልጠራም፤ ዓይነቱን ግን ታውቁታላችሁ። ግድግዳው ሙሉ ቀንድ፣ ከባንኮኒው ጀርባ ኮፍያ ያደረጉ ሁለት ሰዎች፤ አንዱ ስልኩ ላይ ያፈጠጠ፣ ሌላው የገባውን ሰው ከራስ እስከ እግር የሚመዝን። የእኛን ቅላጼ ሲሰሙ ደግሞ መስማት ለተሳነው ሰው እንደሚናገሩ ቀስ እያሉና እየጮኹ ማስረዳት ይጀምራሉ።

አባትየው ባዶ እጁን አልሄደም። «.243፣ የልጅ ልክ» ብሎ ጽፎ ይዟል፤ .243 ምቱ ቀለል ያለ ካሊበር ነው። ሱቁም ዕቃው ነበረው። ሩገር አሜሪካን ኮምፓክት፣ በ.243፣ መደርደሪያው ላይ ቆሟል፦ ከቃታ እስከ ሰደፍ 12 ተኩል ኢንች፣ በርሜሉ 18 ኢንች፣ ክብደቱ 6 ፓውንድ ገደማ። ለዚህ ልጅ ከዚህ የተሻለ ነገር መፈለግ አያስፈልግም ነበር። ሻጩ አውርዶ ለልጁ ሰጠው፣ ልጁ ትከሻው ላይ አደረገው፣ ልክ ገባለት። በዚህ ጊዜ ሰውዬው ፈገግ ብሎ ከእጁ ላይ ወሰደበትና «ይሄ መጫወቻ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ይጠበዋል፣ ሌላ ልትገዛለት ነው። የሚያድግበትን ግዛለት» አለው። ከዚያ ያንን ማግነም ከታች አወጣ። መቼም ማን እንደጣለላቸው፣ ስንት ጊዜ እዚያ እንደተኛ እነሱ ናቸው የሚያውቁት።

ከዚህ በኋላ ያለውን በደንብ ተከታተሉ፤ በየሱቁ የሚሠራ ሙያ ነው።

ልጁ ጠመንጃውን ሲያነሳ ሰደፉ ረዝሞበት ብብቱ ጋ ተያዘ። ሻጩ ከባንኮኒው ወጣና ሰደፉን ከትከሻው ጉድጓድ አውጥቶ ወደ ውጭ፣ ወደ ክንዱ ጡንቻ ገፋው። ቀጥሎ ልጁን በወገቡ ይዞ ወደ ጎን አዞረው። ሰውነት ወደ ጎን ሲዞርና ሰደፉ ክንድ ላይ ሲቀመጥ ረጅሙ ጠመንጃ ለጊዜው አጭር ይመስላል፤ ጣት ቃታው ጋ ይደርሳል። ሲተኮስ ግን ያ ሁሉ ምት የሚያርፈው የክንዱ አጥንት ላይ ነው፤ ሰደፉም ከዚያ ለመንሸራተት ሰበብ አይፈልግም።

ሁለተኛው ተንኮል ስኮፑ ላይ ነው። ከ3 እስከ 9 የሚያጎላ፣ 40 ሚሊሜትር መስታወት ያለው ተራ ስኮፕ ነው። ሻጩ ለልጁ ከመስጠቱ በፊት ቀለበቱን 3 ላይ አዞረው። ለምን? 40 ለ3 ሲካፈል 13 ይሆናል፤ ከስኮፑ የሚወጣው የብርሃን ክብ 13 ሚሊሜትር ስፋት አለው ማለት ነው። ዓይን ትንሽ ወደኋላ ወይም ወደ ጎን ቢሸሽም ምስሉ ሙሉ ሆኖ ይታያል። 9 ላይ ግን ክቡ ወደ 4.4 ሚሊሜትር ይጠባል፣ ዓይን ቦታዋን ትንሽ ከሳተች ምስሉ ይጠቁራል። «ይታይሃል?» «ይታየኛል።» «አየህ፣ ልኩ ነው!» በቃ፣ ሽያጩ እዚያ ላይ አለቀ። ተኩስ ሜዳ ላይ አባትየው 100 ያርድ ያለውን ወረቀት ለማጉላት 9 ላይ ሲያዞረው ምስሉ ጠቆረ፤ ልጁም ሙሉ ምስል ፍለጋ አንገቱን አስግጎ ቅንድቡን ወደ ስኮፑ ጠርዝ አስጠጋ። የተሰፋው በዚህ ምክንያት ነው። ብዙ ሰው ረጅም ሰደፍ ዓይንን ከስኮፕ ያርቃል ብሎ ያስባል። ልጅ ላይ የሚሆነው ተቃራኒው ነው፤ ረጅሙ ሰደፍ ልጁን ወደፊት እንዲያሰግግ ያደርገዋል። እንደዚህ ዓይነቱ ስኮፕ ከዓይን ቢያንስ 3 ተኩል ኢንች መራቅ አለበት።

ሦስተኛው ውሸት ግን ከሁሉም ያበግናል። «ብሬክ ስላለው ምቱ ከ.243 አይበልጥም» ብሎታል። ሂሳቡ ይኸው። 7 ፓውንድ በሚመዝን ጠመንጃ .243 ባለ 100 ግሬን (የአረር ክብደት መለኪያ ነው) አረር ሲተኮስ ምቱ 10 ፉት-ፓውንድ ገደማ ነው። .300 ማግነም በ180 ግሬን፣ በዚያው ክብደት፣ 30 ገደማ። ጥሩ ብሬክ 40 በመቶ ቢቀንስ እንኳ 18 ይቀራል፤ እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ላዩ ላይ ድምፁን ጨምሩበት። ብሬክ ጋዙን ወደ ጎን ስለሚበትን ጩኸቱ የሚወርደው በተኳሹና አጠገቡ ቆሞ በሚያስተምረው አባት ጆሮ ላይ ነው። እንደ ተኩስ ያለ ድንገተኛ ድምፅ ከ140 ዴሲቤል ጀምሮ ጆሮን በአንድ ጊዜ ሊጎዳ ይችላል፤ ይህ 160ን ያልፋል። ልጅን ቃታ ከመሳቡ በፊት ዓይኑን እንዲጨፍን የሚያስለምደው ከምቱ ይልቅ ብዙ ጊዜ ድምፁ ነው።

ስኮፑን በርሜሉ ላይ «ላስተካክልበት» ብሎም 40 ዶላር አስከፍሎታል፤ «ለአደን ዝግጁ ነው» ብሎ። በሌዘር ከበርሜል ጋር ማመሳሰል ዜሮ ማድረግ፣ ማለትም ጥይቱ ያነጣጠሩበት ቦታ እንዲያርፍ ማስተካከል፣ አይደለም። የሚያደርገው ነገር ቢኖር ጥይቱን 25 ያርድ ላይ ያለው ወረቀት ውስጥ ማስገባት ብቻ ነው። ዜሮ የሚደረገው በምታድኑበት ጥይት፣ 100 ያርድ ላይ፣ በሦስት በሦስት ተኩስ ነው።

ትናንት ጠመንጃውን ይዘን ተመለስን። ለመተካት ብቻ፣ ያኛውን ኮምፓክት እንውሰድ፣ ልዩነቱ ለእናንተ ይቅር አልን። ሰውዬው የልጁን ቅንድብ አየና «በትክክል መያዝ ስላልቻለ ነው፤ እናንተ ጋ እንዴት እንደሚያስተምሩ አላውቅም» አለ። ራሱ ያስያዘውን አያያዝ! ከዚያ ክንዱን አጣጥፎ «ፎርም 4473 ከተፈረመ በኋላ መመለስ የፌዴራል ሕግ ይከለክለናል» አለን፤ ጠመንጃ ገዢ ሱቅ ውስጥ የሚሞላውን የፌዴራል ቅጽ ማለቱ ነው። ይህ ነጭ ውሸት ነው። የሸጡትን ጠመንጃ መልሰው እንዳይቀበሉ የሚከለክል የፌዴራል ሕግ የለም። ፈቃድ ያለው ነጋዴ መዝገቡ ላይ «ገባ» ብሎ ይጽፋል፣ ተቀበለ ማለት ነው፤ ገዢው ሌላ ሲወስድ አዲስ ፎርም ይሞላል፣ አለቀ። «የሱቃችን ደንብ አይደለም» ቢለን መብቱ ነው፣ ሕግ ብሎ ማስፈራራት ግን ሌላ ነገር ነው። ውሸት መሆኑን ደግሞ ራሱ አረጋገጠልን፦ ልንወጣ በሩ ጋ ስንደርስ «ከፈለጋችሁ ግን በ450 ዶላር እገዛችኋለሁ» አለን። በ1,080 የሸጠውን! ከደቂቃ በፊት ሕግ የከለከለውን! ስልኩ ላይ ያፈጠጠው ጓደኛው ቀና እንኳ ሳይል ሳቀ።

በነገራችን ላይ ጎረቤቴን «ለልጅ ስትገዛ እኮ ጥፋት ነው» ብለው ያስፈራሩት ነበር። ወላጅ በራሱ ገንዘብ ገዝቶ፣ በራሱ ስም ፈርሞ ለልጁ በስጦታ መስጠት ይፈቀድለታል። ግሪን ካርድ ያለውም መግዛት ይችላል።

ምክሩን አጠር ላድርገው። ልጁ ክርኑን 90 ዲግሪ ይጠፍ፣ ሰደፉ ክርኑ እጥፋት ላይ ይቀመጥ፤ የጠቋሚ ጣቱ የመጀመሪያ አንጓ ቃታው ላይ ካልደረሰ ጠመንጃው ረጅም ነው። በቲሸርት አትለኩ፤ በኖቬምበር የሚለብሰውን ጃኬት አልብሳችሁ ለኩ። ስኮፑን 9 ላይ አዙሩና ልጁ ሰደፉን ትከሻው ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ ይይ። ማደጉ ካሳሰባችሁ የሰደፉ ርዝመት በማስገቢያ የሚጨምር አለ፤ ሞስበርግ ፓትሪዮት ሱፐር ባንተም ከ12 ወደ 13 ኢንች ይረዝማል። «የሚያድግበት» ማለት ይሄ ነው እንጂ ማግነም አይደለም። ካሊበር ከ.243፣ ከ7ሚሜ-08 ወይም ከ6.5 ክሪድሞር አይውጣ። .223 ምቱ ቀላል ነው ብለው ካቀረቡላችሁ እንቢ በሉ፤ በቨርጂኒያ ለአጋዘን ከ.23 ያነሰ ካሊበር ሕጉ አይፈቅድም። አንዳንድ ካውንቲዎች ደግሞ በእንዲህ ዓይነቱ ጠመንጃ (ራይፍል) አጋዘን ማደንን ጭራሽ ስለሚከለክሉ ያንንም ቀድማችሁ እዩ። በ.243 ስትገዙ ጥይቱ ከ95 እስከ 100 ግሬን ይሁን፤ 55 እና 58 ግሬኑ ለትናንሽ አውሬ የተሠራ፣ ቆዳ ላይ የሚበታተን ነው። ያገለገለ ሬሚንግተን 700 ካሳዩአችሁ የቃታውን ዓይነትና የተሠራበትን ጊዜ ጠይቁ፤ ከሜይ 2006 እስከ ኤፕሪል 9፣ 2014 የተሠሩት ኤክስ-ማርክ ፕሮ ቃታ ያላቸው በ2014 ለጥገና ተጠርተዋል።

ዓይን መጨፈን የጀመረ ልጅ ካላችሁ ትልቁን ጠመንጃ ለጊዜው ቆልፉበትና በ.22 አስጀምሩት፣ ከጆሮ መሰኪያው ላይ ማፈኛውንም ደርቡለት። ጥይቱን እናንተ አጉርሱለት፤ መሃል ላይ ሳያውቅ ባሩድ የሌለውን የልምምድ ጥይት ቀላቅሉ። ቃታው ቀጭ ሲል አፈሙዙ ወደ ታች ከደፋ ገና ነው ማለት ነው፣ ቀጥሉ።