አውቶማቲክ የብየዳ ማስክ፦ ከወራት በኋላ

ይቺን አውቶማቲክ ማስክ ከመርካቶ ከገዛኋት ወራት አለፉ። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ባለች ትንሽ ብረታ ብረት ቤት ሙያውን እየተማርኩ ከፊቴ አልተለየችም። ብየዳ ልጀምር የሚል ሰው ከማሽኑ በፊት ለዓይኑ ገንዘብ ያውጣ።

የተለመደው ማስክ መስታወቱ ሁልጊዜ ጥቁር ነው። ኤሌክትሮዱ (እየቀለጠ የሚበይደው ዘንግ) የት እንዳረፈ የምታየው እሳቱ ከተነሳ በኋላ ነው። ስለዚህ ጀማሪ ማስኩን ገለጥ አድርጎ ይጭራል፤ ብርሃኑ ይቀድመዋል፤ ማታ ዓይኑ አሸዋ የገባበት ይመስል ሲቆረቁረው ያድራል። በጸሐይ መነጽር የሚበይዱ ልጆችን ሳይ አንጀቴ ይላወሳል።

የኔዋ መስታወት ግን እሳቱ ሲነሳ በራሱ ይጠቁራል፤ ላዩ ላይ 4/9-13 ተጽፏል። ሳይለኮስ ጥቁረቱ 4 ነው፣ ሲለኮስ ከ9 እስከ 13 ድረስ እንደ ሥራው ይስተካከላል። በ2.5 ሚሊሜትር ኤሌክትሮድ፣ 70 አምፔር አካባቢ፣ ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ስስ የብረት ቱቦ) ስበይድ 10 ላይ አደርጋታለሁ። ያኔ ዋናው ትምህርት ይታያል። ፊት ለፊት የቀለጠው ብረት ያብረቀርቃል፣ ከኋላው ደግሞ ጠቆር ያለው ስላግ፣ ማለትም ከኤሌክትሮዱ ልባስ የሚወጣው ቆሻሻ፣ ይከተላል። ስላጉ ከቀደመ ብየዳው ውስጥ ይቀበራል። የቀለጠው መሃሉ ወደ ታች መስመጥ ከጀመረ ቱቦላሬው ሊበሳ ነው፤ እጅ መፍጠን አለበት። አለቃዬ «እሳቱን ተወው፣ የቀለጠውን ተከተል» የሚሉኝ ለዚህ ነው። ብዙ ሰው አምፔር መቁጠር ይማራል፤ እኔ ግን መሠረቱ ይሄን ማየት ነው ባይ ነኝ።

ችግርም አለባት። ጠባብ ማዕዘን ውስጥ ስገባ ብረቱ የእሳቱን ብርሃን የሚለየውን ሴንሰር ይጋርደዋል፤ መስታወቱ ነጣ ይልና ብልጭ ይልብኛል። ደረጃውን የጠበቀ መስታወት ሳይጠቁርም አልትራቫዮሌቱን ያስቀራል፣ ብልጭታው ግን ይረብሻል። ደጅ ስሠራ የከሰዓት ጸሐይ ገና ሳልለኩስ ያጠቁራታል። የራስ ማሰሪያው ላልቷል፤ ጎንበስ ስል ወደ አፍንጫዬ ትወርዳለች። በግራይንደር ብረት ሲሞረድ እንዳትጠቁር የሚያደርገው ማብሪያዋ እንደበራ ከተረሳ ደግሞ ጨርሶ አትጠቁርም፤ ከመለኮሴ በፊት ሁሌም አየዋለሁ።

የፊት ፕላስቲኩ በፍንጣሪ ይጨፈገጋል፣ ግን ርካሽ ነው፣ ይቀየራል። ስትገዙ መለዋወጫው መኖሩን ጠይቁ፤ ባትሪው የሚወጣ መሆኑንና መስታወቱ ላይ ኢኤን 379 (የቀድሞው የአውሮፓ ደረጃ) ወይም የተካው አይኤስኦ 16321 መጻፉን እዩ። ከሱቁ ወጣ ብላችሁም ወደ ጸሐይ አዙሯት፤ ወዲያው ካልጠቆረች መልሱላቸው።